የጋይሮፕሌን ሞተርና ሮተር ተጣጥመው ሊመረጡ ይገባል

ቀላል ጋይሮፕሌን ሲመረጥ ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ የሞተሩና የሮተሩ መጣጣም ቀዳሚ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።

ስፔናዊው መሐንዲስ ሁዋን ደ ላ ሲየርቫ እ.ኤ.አ በ1923 በተሳካ ሁኔታ ለበረራ ያበቃው ይህ የአየር መጓጓዣ ከሄሊኮፕተር የሚለየው ሮተሩ በበረራ ላይ በሞተር የማይሽከረከር በመሆኑ ነው። ሞተሩ ፕሮፔለሩን በማዞር አካሉን ወደፊት ሲገፋ፣ ከታች ወደ ላይ የሚያልፈው አየር ሮተሩን ያሽከረክረዋል። በመሆኑም ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ሮተሩ መሽከርከሩን ስለማያቋርጥ አብራሪው ቁልቁል እየተንሸራተተ ሊያርፍ ይችላል።

የሮተሩ ስፋት የሚወሰነው በዋናነት በጠቅላላው ክብደት ነው። ለክብደቱ ያነሰ ሮተር በአየር ላይ ለመቆየት ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል፤ ከመጠን በላይ የሰፋው ደግሞ በዝግታ ስለሚሽከረከር ለፈጣን በረራ አያመችም።

በስፋት ከሚገጠሙት መካከል የኦስትሪያው ሮታክስ 912 እንደየዓይነቱ 80 ወይም 100፣ ባለ ተርቦው 914 ደግሞ 115 የፈረስ ጉልበት አላቸው። እንደ አዲስ አበባ 2 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ይሁንና ጉልበት መጨመር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የፕሮፔለሩ የግፊት መስመር ከክብደት ማዕከሉ በላይ ርቆ ከዋለ፣ የሮተሩ ሸክም በሚቀልበት ቅጽበት ግፊቱ አፍንጫውን ወደታች ሊደፋው ይችላል፤ ኃይለኛ ሞተር ደግሞ አደጋውን ያባብሰዋል። ስለሆነም ፈቃድ ሰጪ አካላት ጉልበቱን፣ ክብደቱን፣ የሮተሩን ስፋትና የግፊቱን መስመር በአንድነት ሊመዝኑ ይገባል።