ጌታችን ወደ አደገባት አገር ስለ መመለሱ

ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 4 ከቍጥር 16 እስከ 30 የጻፈው፣ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ወደ ናዝሬት የተመለሰበትን ታሪክ ነው። ናዝሬትን ያደገባት ይላታል እንጂ የተወለደባት አይላትም፤ ልደቱ በቤተ ልሔም ነውና። በሄሮድስ ምክንያት ወደ ግብጽ ተሰዶ፣ ከስደት ሲመለስ የተቀመጠው በናዝሬት ነው። እስከ 30 ዘመኑ ድረስ በዚያ ኖረ። ከተጠመቀና 40 ቀን ከጾመ በኋላ፣ የቅፍርናሆምም ተአምራቱ ከተሰማ በኋላ፣ ወደ ሕፃንነቱ አገር መጣ።

ናዝሬት ትንሽ መንደር ነበረች። በብሉይ ኪዳን መጻሕፍት ስሟ አይገኝም፤ የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ፍላቪዮስም የገሊላን ከተሞች ሲቈጥር እርስዋን አያነሣም። በ2002 ዓ.ም. መሬቱን ቈፍረው የመረመሩ ሰዎች በጌታ ዘመን ገደማ የነበረ የአንድ ተራ ቤት ፍራሽ በዚያ አግኝተዋል። ናትናኤል የቃና ሰው፣ ማለት ጎረቤት ሲሆን፣ ከናዝሬት በጎ ነገር መውጣቱን ተጠራጥሮ ነበር። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ባለች መንደር ሰው ሁሉ የሰውን ሁሉ ደጅ ያውቃልና።

በሰንበት እንደ ልማዱ ወደ ምኵራብ ገባ፤ ሊያነብም ቆመ። የኢሳይያስን መጽሐፍ ሰጡት። ለድሆች የምሥራች፣ ለእስረኞች መፈታት፣ ለዕውራን ማየት የተነገረበትን ስፍራ አነበበ፤ የተወደደችው ዓመት ከምትነሣበት ሲደርስ መጽሐፉን ጠቀለለ። ነቢዩ በምዕራፍ 61 ከዚያው አያይዞ የበቀልን ቀን ይናገራል፤ ጌታ ግን ያን አላነበበም። ስለምን ቢሉ፦ ፊተኛው ምጽአቱ ለምሕረት ነውና፤ የበቀሉ ቀን ለዳግም ምጽአቱ ይቈያል። አንድም፦ የሚሰሙት አብሯቸው ያደገ ሰዎች ናቸውና፣ ገና በመጀመሪያው ቃል ሊያስደነግጣቸው አልወደደም። እነርሱ ግን እርሱ ያላነበበውን በቀል ሊያመጡበት ተነሡ።

አስቀድመው ከአፉ በወጣው የጸጋ ቃል ተደንቀው ነበር። ወዲያው ግን የማን ልጅ እንደ ሆነ መቍጠር ጀመሩ። የዮሴፍ ልጅ ማለታቸው እንደ መሰላቸው ነው፤ ይህንም ሉቃስ በምዕራፍ 3 አስቀድሞ አስታውቋል። ጠራቢነቱንና የእናቱን ስም ማንሣታቸው ግን ሐሰት አይደለም። በደላቸው፣ ያወቁትን ጥቂት ላላወቁት ብዙ መስፈሪያ ማድረጋቸው ነው። ሲያድግ ማየታቸው መጋረጃ ሆነባቸው። በቅፍርናሆም የነበረው የመቶ አለቃ የጌታን ሕፃንነት አላየም፤ አሕዛባዊም ነበረ፤ ነገር ግን ቃል ብቻ ይበቃል ብሎ አመነ። ይህስ በአገራችንም አይታጣ፤ ከብት ጠባቂ ሳለ ወጥቶ፣ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ትርጓሜውን ተምሮ ከብዙ ዘመን በኋላ የተመለሰውን መምህር፣ ባዕድ አገር የኔታ ሲለው፣ ያሳደገው መንደር በሕፃንነት ስሙ ጠርቶ የጠፋችውን ጥጃ ያነሣበታል።

ሌላም በደል አለባቸው። በቅፍርናሆም ያደረገውን በእነርሱ ዘንድ እንዲያደርግ ፈለጉ፤ የአገር ልጅነትን እንደ ብድር ቈጥረው ሊያስከፍሉት ወደዱ። ስለዚህ ሁለት ታሪክ አነሣባቸው። ሰማይ 3 ዓመት ከ6 ወር በተዘጋ ጊዜ ኤልያስ በሲዶና ወዳለችው ወደ ሰራፕታዋ መበለት ተላከ፤ በኤልሳዕም ዘመን ከለምጽ የነጻ ሶርያዊው ንዕማን ነው። የንዕማን ነገር ለእነርሱ እጅግ የተገባ ነበር። እርሱም ያገሩን ወንዞች፣ አባናንና ፋርፋን፣ ከዮርዳኖስ አስበልጦ ተቈጥቶ ሄዶ ነበር፤ የአገልጋዮቹን ምክር ሰምቶ ከቍጣው ቢመለስ፣ በዮርዳኖስ 7 ጊዜ ቢጠመቅ ነጻ። የናዝሬት ሰዎች ግን ከቍጣቸው አልተመለሱም። ከመንደሩ አውጥተው ከገደል ሊጥሉት ወሰዱት። ዛሬም ተሳላሚዎች ከከተማይቱ በስተ ደቡብ ያለውን ተራራ ያ ገደል ነው ይሉታል። እርሱ በመካከላቸው አልፎ ሄደ፤ ከሰማይ እሳት አላወረደባቸውም።

ማቴዎስ በምዕራፍ 13፣ ማርቆስም በምዕራፍ 6 የጻፉት ይኸው ነው የሚሉ አሉ፤ ሌላ ጊዜ ነው የሚሉም አሉ። የኋለኛው ይበልጥ ይስማማል፤ በማርቆስ ደቀ መዛሙርቱ ተከትለውታል፣ ጥቂት ድውያንም ተፈውሰዋል፤ በሉቃስ ግን ይህ አልተጻፈም። እንዲህ ከሆነ ሊገድሉት ወደ ፈለጉት ሰዎች ዳግመኛ መጣ ማለት ነው። ምነው ቢሉ፦ ናቀን ብለው ምክንያት እንዳያገኙ። አንድም፦ በብዙዎቹ ክፋት ጥቂቶቹ እንዳይቀሩ።

ማርቆስ በዚያ ተአምራት ሊያደርግ እንዳልቻለ መጻፉ ኀይል አጥቶ አይደለም፤ ተቀባይ አጥቶ ነው እንጂ። ፀሐይ ቢወጣ መስኮቱን የዘጋ ቤት ይጨልማልና። እጁን የጫነባቸው ጥቂት ድውያንም በዚያው የተገኙ ናቸው፤ የእናቱን ስም፣ ወንድሞቹ የተባሉትን የዮሴፍን ልጆች፣ መንደሩ ሁሉ ሲጠራቸው ሰምተዋል። ሕመማቸው ግን የትውልድ ቍጥር ለመመርመር ጊዜ አልሰጣቸውም፤ እጁን ሲዘረጋላቸው ተቀበሉት፤ ተፈወሱም። እርሱም ስለ ሌሎቹ አለማመን እየተደነቀ፣ በዙሪያው ወዳሉት መንደሮች እየዞረ ያስተምር ነበር።