ንፋስ መውጫ፤ የነፋስና የድንች ከተማ

በደቡብ ጎንደር፣ በላይ ጋይንት ወረዳ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ንፋስ መውጫ፣ ጠባይዋን ስሟ ይመሰክራል። ከወረዳው ምድር ዝናሙ ከፊሉ ወደ ተከዜ፣ ከፊሉ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ንግዷም እንደ ውሃው ሁለት ወገን አለው፤ ደገኛው ገብሱንና ድንቹን፣ ከታች ጋይንትና ከስማዳ ቈላ የሚወጣው ጤፉንና ማሽላውን ይዞ በገበያዋ ይገናኛል።

አገሩ የጥንት መተላለፊያ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፣ በጨጨሆ በኩል መንገድ እያስጠረጉ አልፈዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጐበኙ በኋላ ደግሞ፣ በቻይና ብድርና በመሐንዲሶቿ እጅ ከወረታ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ተጠንቶ በደርግ ዘመን ተሠራ። የዛሬዪቱ ከተማ የዚህ ጎዳና ልጅ ናት።

ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር ሲሆን፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1858 ነው። የጋይንት ብርድ ለዚህ አዝመራ በረከት ነው፤ በሽታ አስተላላፊ ተባይ በደጋ ስለሚያንስ፣ ከደጋው የሚገኘው ዘር ጤናማ ይሆናል። ይሁን እንጂ ድንች እንደ እህል በጐተራ ለዓመታት አይቈይም። ሁሉም ባንድ ጊዜ ቈፍሮ ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ጎዳናው የተዘጋ እንደ ሆነም ምርቱ ከነድካሙ ይበሰብሳል።

የመንገድ መዘጋት ምን ማለት እንደ ሆነ ከተማዋ በመከራ አውቃዋለች። በሰሜኑ ጦርነት ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ በቈየችበት ጊዜ ንብረት ተዘርፏል፤ የሴቶችም ክብር ተደፍሯል። የተጐዱት ሴቶች ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል የሰጡት ቃል በዚያው ዓመተ ምሕረት ማግስት፣ በ2014፣ ታትሞ ወጥቷል። የአንድ ሱቅ ዕቃ በገንዘብ ይተካል፤ ይህኛው ጉዳት ግን በሒሳብ መዝገብ አይሰፍርም።

ስለዚህ ከዚህች ከተማ ጋር ለመነገድ የሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ያስተውል። አንደኛው፣ ከምግብ ድንች ይልቅ የዘር ድንች የተሻለ ዋጋ ማውጣቱ ነው፤ ይህም ብርሃን በተበታተነ ሁኔታ በሚገባበት በቀላል የእንጨት መጋዘን በመደርደሪያ ተዘርግቶ ለወራት ይጠበቃል። ሁለተኛው፣ ነጋዴው አስቀድሞ ከገበሬው ጋር ተዋውሎ መኪናውን በጊዜው ካላቀረበ፣ ትርፉ የማንም አለመሆኑ ነው። ነፋሱ ለከተማዋ ስም ሰጣት፤ እንጀራዋን የሚሰጣት ግን ክፍት መንገድና የታመነ ገዢ ነው።