የራስ ያልሆነ ማጽናኛ

በባሕር ማዶ የምትኖር አንዲት ዘመዳችን እናቷ ባረፉባት ጊዜ፥ የማጽናኛ ደብዳቤ ልንጽፍላት ተቀምጠን ቃል አጠረን። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን መሣሪያ በስልካችን ብንጠይቀው ወዲያው ያማረ ደብዳቤ አዘጋጀልን፤ እኛም ከግርጌው ስማችንን ጽፈን ላክነው። በማግሥቱ ደውላ፥ «ደብዳቤያችሁን እያነበብሁ አለቀስሁ» ባለችን ጊዜ ግን ኀፍረት ያዘን፤ ያስለቀሳት ቃል እናቷን ከማያውቅ፥ ሞትንም ከማይፈራ ነገር የወጣ ነበርና።

የሰው ልብ ለመሣሪያ ቃል ፈጥኖ መሸነፉ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1966 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበረው ጆሴፍ ዋይዘንባውም «ኤሊዛ» የተባለ፥ የተናጋሪውን ቃል መልሶ ወደ ጥያቄ የሚለውጥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ፕሮግራሙ ምንም አያስተውልም ነበር፤ ሆኖም የመምህሩ የገዛ ጸሓፊ እንኳ ከእርሱ ጋር ስትነጋገር፥ መምህሩ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። እርሱም በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ፥ መሣሪያ ሊሠራው የሚችለው ሁሉ ለመሣሪያ ሊተው እንደማይገባ አስጠነቀቀ።

እኛም መሣሪያውን ፈጽመን አንነቅፍም፤ ሒሳብ ያስላልን፥ የማናውቀውንም ቋንቋ ይተርጕምልን። ነገር ግን የሀገራችን ሰው ለቅሶ የሚደርሰው በእግሩ ነው፤ በእግር የማይደረስበት ቢሆን ቃሉ እንኳ የራሳችን ይሁን። ስለዚህ ለዘመዳችን እውነቱን ነግረን፥ እናቷ በየሰንበቱ ከአጥራቸው ማዶ ለቡና ይጠሩን እንደ ነበር በሦስት መስመር ጻፍንላት። ያማረ አልነበረም፤ እርሷ ግን በደወለችልን ጊዜ ጥቂት ዝም ብላ፥ «ይህን አስቀምጠዋለሁ» አለች።