ምስክሩ ማን ነው? የሊቅነት መመዘኛ በአብነት ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ

ዕውቀት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በሚተላለፍበት አገር ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች መነሣታቸው አይቀርም። ተማሪው ከአንዱ ደረጃ ወደሚቀጥለው ለመሸጋገር ምን ያህል ማወቅ ይገባዋል? ማወቁንስ ማን ይመሰክርለታል? የዘገየው ወይም የደከመውስ ምን ይደረጋል? ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻቸው የሚያወጡት ደንብ የቱንም ያህል ቢረዝምና በአንቀጽ ቢከፋፈል፣ ተጨምቆ ሲታይ ለነዚህ ለሦስቱ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978፣ የዶክትሬቱ ደግሞ በ1987 ነው። ስለዚህ ብዙ ሰዎች የከፍተኛ ተማሪን ዕውቀት በደረጃና በደንብ መመዘን ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ልማድ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ለብዙ መቶ ዓመታት በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር የኖረው የአብነት ትምህርት ቤት ለሦስቱም ጥያቄዎች የራሱን መልስ ሲሰጥ ቈይቷል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ሥርዓቶች ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ እያንዳንዱ ምንን እንደሚጠብቅና ምንን እንደሚዘነጋ ለመግለጽ እንሞክራለን።

፩ኛ፤ የዩኒቨርሲቲው ደንብ መነሻ

በአውሮፓ የከፍተኛ ትምህርት ማዕርግ ሲጀመር ትርጉሙ የማስተማር ፈቃድ ነበር። «ዶክተር» የተባለው ቃል ማስተማር ከሚል የላቲን ግሥ የወጣ ነው፤ «ማስተር» የሚለውም መምህርና አለቃ ማለት ከሆነው ማጊስቴር ከተባለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። የእኛ ተማሪ መምህሩን «የኔታ»፣ ማለት «የኔ ጌታ»፣ ብሎ ከሚጠራበት ስሜት ብዙም አይርቅም።

ከጥንታውያን ደንቦች አንዱ የሮማው ፓፓ እንደራሴ የነበረው ሮበርት ደ ኩርሶን እ.ኤ.አ. በ1215 ለፓሪስ መምህራን ያወጣው ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ማንም ሰው 21 ዓመት ሳይሞላውና ቢያንስ 6 ዓመት ሳይማር የጥበባትን ትምህርት እንዳያስተምር፣ 35 ዓመት ሳይሞላውና ቢያንስ 8 ዓመት ሳይማር ደግሞ የነገረ መለኮትን ትምህርት እንዳያስተምር ተወስኖ ነበር። ያ ደንብ የሚፈራው ተማሪው እንዳይዘገይ ሳይሆን ሳይበስል ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ ነበር።

በኋላ ግን የማዕርጉ ትርጉም ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1810 የተከፈተው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ የምርምርን ሥራ ከማስተማር ጋር አስተባበረ፤ ይህም አርአያ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹን የፍልስፍና ዶክተርነት ማዕርጎች የሰጠው የዬል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1861 ነበር። ኦክስፎርድ ግን ይህን ማዕርግ መስጠት የጀመረው በ1917 ነው። ከዚህ ወዲህ ከፍተኛው ተማሪ የቀደሙት ሊቃውንት ያሉትን ከማወቁ በላይ አዲስ ነገር እንዲያስገኝ ተጠየቀ።

፪ኛ፤ በአብነት ትምህርት ቤት

ከንባብ ቤት የወጣ ተማሪ በፊቱ ሦስት ታላላቅ ቤቶች ይጠብቁታል፤ እነርሱም ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት ናቸው። በእያንዳንዱ ቤት የመሸጋገሪያው ሕግ በጽሑፍ ተለጥፎ አይገኝም፤ ሆኖም መምህሩም ተማሪውም ያውቁታል።

ሕጉ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ቅኔ ቤት ነው። ጀማሪው በመጀመሪያ ባለ 2 ቤት የሆነውን ጉባኤ ቃናን ይቈጥራል። ይህ ሲሳካለት ባለ 3 ቤት ወደሆኑት ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፣ ከዚያም ባለ 5 ቤት ወደሆነው ወደ ዋዜማ፣ ባለ 6 ቤት ወደሆነው ወደ ሥላሴ ይወጣል፤ ባለ 8 ቤት የሆነውን መወድስን ሲሞላ ከጓደኞቹ ዘንድ ትልቅ ግምት ያገኛል። ተማሪው ቀን ከሰው ተለይቶ፣ ጫካ ለጫካ እየዞረ የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። ሰዋስዉ ከተፋለሰ ወይም ምስጢሩ ካልገጠመ ወዲያውኑ ይታረማል። የሌላውን ሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ እንደ አዲስ ይዞ መቅረብም አያስመሰግንም። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ተማሪ «አዲስ ነገር አምጣ» የሚለውን ትእዛዝ ቅኔ ቤት ከጀማሪው ጀምሮ በየዕለቱ ያዝዛል ማለት ነው።

የዜማ ቤት ሕግ ከዚህ የተለየ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው የተቀበሉትን ሳያፋልሱ መጠበቅ ነው። ድጓ በትውፊት የ6ኛው መቶ ዓመት ሊቅ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ነው፤ ምልክቱን ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳበጁት ይነገራል። ተማሪው በሚኖርበት ደብር ለብዙ ዓመታት ድጓን ቢማርም፣ የራሱን ድጓ ከነምልክቱ በእጁ ጽፎ ቢጨርስም፣ ይህ ብቻ መምህር አያሰኘውም። ወደ ጋይንት ተሻግሮ በቤተልሔም ማስመስከር አለበት። እዚያ እንደገና ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ይማራል፤ ዜማው ይሰማል፤ የመጽሐፉ ምልክትም ከቤቱ ትምህርት ጋር እየተመሳከረ ይታረማል። የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ዙር አምባ ነው፤ የቅዳሴውም ሰለልኩላና ደብረ ዓባይ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ያስተማረው መምህር ብቻውን የመጨረሻ ምስክር አይሆንም፤ ተማሪው ከአገሩ ወጥቶ በማያውቁት ሰዎች ፊት ይቀርባል። የቤተልሔም መምህር ለእንግዳው ተማሪ የሚያደላበት ዝምድና የለውም፤ የሚመሰክረው በቤቱ ስም ነውና ያልበሰለውን ቢያሳልፍ የሚነቀፈው ቤቱ ነው።

ቋንቋችንም ይህን ሥርዓት እስከ ዛሬ ይዞታል። ከዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን ወረቀት «የምስክር ወረቀት» እንላለን፤ ትምህርቱን የጨረሰውንም «ተመረቀ» እንለዋለን። የመጀመሪያው ማስመስከርን፣ ሁለተኛው የመምህሩን ቡራኬ ያስታውሳል።

፫ኛ፤ በዩኒቨርሲቲ

በዛሬው ዩኒቨርሲቲ መመዘኛው በቁጥር ይገለጻል። በአሜሪካ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ተማሪ አማካይ ውጤት ከ4 ነጥብ ከ3 በታች እንዳይወርድ ይጠየቃል፤ ይህ ልማድ ወደ አገራችንም ገብቷል። ውጤቱ ከዚያ ዝቅ ያለ ተማሪ በማስጠንቀቂያ ላይ ሆኖ አንድ ወይም ሁለት መንፈቀ ዓመት ይሰጠዋል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ካላሻሻለ ይሰናበታል። የዶክትሬት ተማሪ በብዙ ቦታ የትምህርቱን ክፍል ሲጨርስ አጠቃላይ ፈተና ይፈተናል፤ ከዚያም የምርምር ዕቅዱን አቅርቦ ያጸድቃል፤ በመጨረሻም ድርሰቱን በፈታኞች ፊት ይከላከላል። ለዚህም ሁሉ የተወሰነ ዘመን ይቈረጥለታል።

ይህ ሥርዓት ከአብነቱ የሚበልጥበት ነገር ብዙ ነው። ደንቡ አስቀድሞ ተጽፎ ስለሚሰጥ ተማሪው የሚጠበቅበትን ያውቃል፤ ተበደልሁ ቢል ይግባኝ የሚልበት ቦታ አለው። መምህሩ ቢሞት ወይም ቢሰደድ የተማሪው መዝገብ አይጠፋም። የዘመኑ ገደብም ርኅራኄ አለበት፤ በከንቱ የሚደክመው ሰው ጉልበቱ ሳያልቅ ሌላ መንገድ እንዲፈልግ ያደርገዋልና። በአብነት ትምህርት ቤት ግን ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለምኖ እየበላ የሚማረው ተማሪ የሚጨርስበትን ቀን የሚነግረው የለም፤ በረኃብና በበሽታ ከመንገድ የቀረው ብዙ ነው። ከዚህም በላይ የዚህ ትምህርት በር ለሴቶች የሚከፈተው ከስንት አንድ ጊዜ ነበር። ዓይነ ስውር የነበሩት የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው ገንኖ መነገሩ ራሱ ነገሩ ብርቅ መሆኑን ያስረዳል።

፬ኛ፤ ሁለቱ ሲመዛዘኑ

ሆኖም በቁጥር መመዘን የሚሰውረው ነገር አለ። ተማሪው እኩል ክብደት ካላቸው 4 ትምህርቶች በሦስቱ ኤ፣ በአንዱ ሲ ቢያገኝ አማካዩ 3.5 ይሆናል፤ ከሚፈለገው በላይ ነውና ያልፋል። ያ ሲ ያገኘበት ትምህርት ግን ለምርምሩ መሠረት የሆነው ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሲን ቁጥር በመወሰን ይህን ለመከላከል ይሞክራሉ፤ ቢሆንም የአማካይ ጠባዩ ጉድለትን በትርፍ መሸፈን ነው። ዜማ ቤት እንዲህ ያለውን ማካካሻ አያውቅም። የጾሙን ዜማ ያላወቀ ተማሪ የፋሲካውን አሳምሮ ስላዜመ አያልፍም፤ የጎደለው እስኪሞላ ይመለሳል።

ሁለተኛውና የሚከብደው ጉዳይ የምስክሩ ነገር ነው። የድርሰቱ አማካሪ ከተማሪው ጋር ለዓመታት የደከመ ሰው ነው፤ የተማሪው መውደቅ ለእርሱም ውድቀት መስሎ ይታየዋል። ስለዚህ ከሌላ ተቋም የሚጠራ የውጭ ፈታኝ እንዲኖር ተደነገገ። ይህ ሰው በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለ ቤተልሔም ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ድርሰቱን ለማንበብ በቂ ጊዜ ካልተሰጠው፣ ወይም ጠሪውና ተጠሪው በየተራ እየተለዋወጡ አንዱ የሌላውን ተማሪ የሚያሳልፉ ከሆነ፣ ፈታኙ አለ ይባላል እንጂ ምስክርነቱ የለም።

ይህ ለአገራችን የሩቅ ነገር አይደለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ሆኗል፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርትም በብዙዎቹ ይሰጣል። ዛሬ ማዕርግ የሚቀበለው ነገ ወንበር ተክሎ ሌላውን ስለሚያስተምር፣ በአንዱ ላይ የታለፈው ጉድለት በተማሪዎቹ ላይ ይበዛል። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በአገር አቀፍ ደረጃ የመውጫ ፈተና መሰጠት ሲጀምር ብዙ ሰው እንደ እንግዳ ነገር ተመለከተው፤ ያስተማረው ተቋም ብቻውን ምስክር አይሁን የሚለው ሐሳብ ግን በዙር አምባና በቤተልሔም የቈየ ነው። ለከፍተኛው ማዕርግ ይህ ሐሳብ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የሚመዘነው አዲስ ድርሰት ስለሆነ ግን አንድ ወጥ ፈተና አይበቃውም። ጊዜ ወስዶ የሚያነብ፣ በስሙ የሚፈርምና በፈረመው የሚጠየቅ ሰው ይሻል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተነገረው ወደ አኮፋዳ ዘመን እንመለስ ለማለት አይደለም። የተጻፈ ደንብ፣ የይግባኝ መብትና የዘመን ገደብ በጎ ነገሮች ናቸው፤ ሊጠበቁ ይገባል። ነገር ግን ደንብ የሚቈጥረው የሚቈጠረውን ብቻ ነው፤ ዕውቀቱ በርግጥ መኖሩን የሚናገረው ሰው ነው። አባቶቻችን ይህን ሰው ከተማሪው ሠፈር ራቅ አድርገው አስቀመጡት፤ ክብሩንም ከምስክርነቱ እውነት ጋር አሰሩት። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደንባቸውን ሲያሻሽሉ ለነጥቡ ስሌት የሚሰጡትን ያህል ጥንቃቄ ለምስክሩ አመራረጥ ቢሰጡ፣ ከቤታቸው ካለ አብነት ተማሩ ይባላል።

የባህል ጥናት ለምንሠራ ደግሞ ሌላ ተግባር ይቀረናል። ሊቀ ሥልጣናት ሀብተ ማርያም ወርቅነህ በ1962 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ የጥንቱን ሥርዓተ ትምህርት በሰፊው ገልጸዋል። መንግሥቱ ለማም የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ መዝግበው በመጽሐፍ አውጥተዋል። ነገር ግን በየምስክር ቤቱ ተማሪው እንዴት እንደሚሰማ፣ በምን ጥፋት እንደሚመለስ፣ በምን ቃል እንደሚመረቅ፣ ቤት በቤት እየዞሩ ከመምህራኑ አፍ መጻፍ ገና ብዙ ድካም ይጠይቃል። ይህ ሕግ የሚኖረው በመምህራኑ ልብ ውስጥ ነውና፣ ሳይጻፍ ካለፉ አብሯቸው ያልፋል።