ደርቆ የማይሞት እንቁላል

ዘር ወደ ጎተራ ከማስገባታችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ? ፀሐይ ላይ ታሰጡታላችሁ። እርጥብ ዘር ይሻግታላ! የደረቀው ግን የሞተ መስሎ ይቆይና ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል። ዛሬ የምንነግራችሁ እንደ ዘር ደርቆ ስለሚቆይ የእንስሳ እንቁላል ነው።

በአሜሪካ፣ ዩታ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ታላቁ የጨው ሐይቅ የሚባል ሐይቅ አለ። ወንዞች ይገቡበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው በፀሐይ ይተናል፤ ጨው ይቀራል። ስለዚህ ከባሕር ውሃ ይበልጥ ጨዋማ ነው። በሐይቁ መሐል ዓሣ መኖር አይችልም።

አርቴሚያ የምትባል ትንሽ እንስሳ ግን ትኖርበታለች። ርዝመቷ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ውሃው ሲመቻት የሚዋኙ ልጆች ትወልዳለች። ጨው ሲበዛ፣ ምግብ ሲያንስ፣ ብርድ ሲመጣ ግን ጠንካራ ቅርፊት ያለው እንቁላል ትጥላለች። በብርዱ ወራት እናቶቹ ያልቃሉ። እንቁላሎቹ ይቀራሉ።

እንቁላሉ በጣም ደቃቅ ነው። በ1 ግራም ውስጥ ከ200,000 በላይ ይገኛል።

ታዲያ ሲደርቅ እንዴት አይሞትም? በውስጡ ያለው ፅንስ እድገቱን ያቆማል። አይበላም፤ አያድግም። ቅርፊቱ ከፀሐይ ጨረር ይከላከልለታል። በሰውነቱም ውስጥ ትሬሃሎስ የሚባል ስኳር አለ። ውሃው ሲደርቅ ስኳሩ የውሃውን ቦታ ይይዛል፤ አካሉ እንዳይፈርስ ደግፎ ያቆየዋል።

ደረቅ እንቁላል ከ80 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ይችላል። ከባድ ብርድም አይገድለውም። ውሃ ጠጥቶ ከራሰ በኋላ ግን ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይገድለዋል። ጉልበቱ ድርቀቱ ነው ማለት ነው።

ብርዱ ሲያልፍ በተራሮቹ ላይ ያለው በረዶ ይቀልጣል። ውሃው ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ጨዉም ይቀንሳል። ያን ጊዜ እንቁላሉ ውሃ ይጠጣል። ሙቀትና ብርሃን ካገኘ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል።

ይህች ትንሽ ፍጥረት ብዙ ታበላለች። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወፎች ከሐይቁ ይመገባሉ። ሰዎችም እንቁላሉን በጀልባ ይሰበስቡታል። በልዩ ልዩ አገሮች ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ገዝተው ይፈለፍሉታል፤ ለዓሣ ጫጩቶችም ይመግቡታል።

ነገር ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ሐይቁ ከዚያ በፊት ታይቶ በማይታወቅ መጠን ጎደለ። ድርቅ ነበር። የወንዞቹም ውሃ ለእርሻና ለከተማ ይጠለፍ ነበር። ውሃው ሲያንስ ጨዉ በረታ። አርቴሚያ ታልቃለች፣ ወፎቹም ይራባሉ ተብሎ ተፈራ። በ2023 ብዙ በረዶ ወረደና ሐይቁ ጥቂት አገገመ። ችግሩ ግን በዚያ አልተቋጨም። ገበሬውም፣ ከተሜውም፣ ሐይቁም የሚጠጡት ከእነዚያው ወንዞች ነው።

እንግዲህ እንቁላሉ ድርቁንም ብርዱንም ይችላል። ጨዉ ከልክ ካለፈ ግን አይፈለፈልም። ዘር በጎተራ ቢቆይም ያለ ዝናብ አይበቅልም። ይህም እንቁላል እንደዚያው ነው። መጠበቁን እሱ ያውቅበታል፤ ወንዙ ወደ ሐይቁ እንዲደርስ መተው ግን የሰዎች ፋንታ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ፣ ገና ማንበብ ላልጀመሩ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው።