ለጋሽና ሕዝብ

ወላጆቹ በመንዝ፣ ጓሳ ሥር ገብስ የሚያርሱ የመሐል ሜዳ ተማሪ ነበር። በኮሮናው ጊዜ በደም ባንካችን ደም ሰጥቶ ብስኩቱን እየበላ፣ በለጋሾች ደም ላይ ስለሚሠራ የአንቲቦዲ ጥናት ሰምቶ ኖሮ፣ «ቁጥሩ እናቴንም ይጨምራል?» ሲል ጠየቀ። ባልደረባዬ ከሥራው ቀና ሳይል «አዎ፣ የሁላችንም ነው» አለው። ያ «አዎ» ዛሬም ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ሳይጋበዝ የሚመጣው ያው «አዎ» ነውና።

ለጋሽ ሕዝብ አይደለም። መርፌ ከመሰካታችን በፊት ስንቱን እንደምንመልስ እናውቃለን፦ ዕድሜው ያልደረሰውን፣ 45 ኪሎ ያልሞላውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ የምታጠባውን፣ ደም ያነሰውን፣ ሰሞኑን ያተኮሰውን። የሚቀረው በአብዛኛው ከተማ የሚውል፣ ሚኒባስ የሚሳፈር ተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረሶችና ለቂጥኝ ምርመራ ከተወሰደው ናሙና በተረፈው የኮሮናን አንቲቦዲ መለካት ርካሽም ፈጣንም ነው፤ በዚህ ጠብ የለኝም። ጠቤ ውጤቱን አንስቶ ጓሳ አናት ላይ ከሚሰቅለው ጋር ነው። ገበያ የወጣውን ቆጥሮ ቤት የቀረውንም ቆጥሬያለሁ እንደ ማለት ነው።

«ስህተቱ እርስ በርሱ ይጣፋል» የሚሉኝ አሉ። ያተኮሰው መመለሱ ቁጥሩን ዝቅ፣ ለጋሹ ብዙ ሰው የሚያገኝ መሆኑ ደግሞ ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ እኩል ነው ይላሉ። በየትኛው ሚዛን መዝነው? ሁለት ስህተት በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሄደ ብቻ እኩል ርቀት ሄዷል ማለት አይደለም።

የኬንያ ተመራማሪዎች ለጋሽ ሕዝብ አለመሆኑን አልዘለሉትም። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል እስከ ጁን 2020 ከመረመሯቸው 3,098 ለጋሾች አንቲቦዲ የተገኘባቸው 174 ነበሩ፤ 5.6 በመቶ መሆኑ ነው። ለአገሩ የሰጡት ግምት ግን ይህ አልነበረም። የዕድሜውን፣ የጾታውንና የአካባቢውን ድርሻ ከሕዝቡ ጋር አመዛዝነው፣ የመመርመሪያውንም ስህተት አርመው 4.3 በመቶ አሉ። ሞምባሳ 8፣ ናይሮቢ 7.3 በመቶ ወጣላቸው። በሽታው በይፋ ከተመዘገበው እጅግ በላይ እንደተሰራጨ ያሳየ ጥሩ ሥራ ነው። ያም ሆኖ እርማቱ ዕድሜን ያቃናል እንጂ ለጋሽነትን አያቃናም። ሃምሳ ዓመት የሞላት ለጋሽ፣ ደም ሰጥታ ለማታውቅ የሃምሳ ዓመት ሴት ትመሰክራለች ተብሎ ተገምቷል። የኑሯቸው ልዩነት በስሌቱ ውስጥ አልገባም።

የመንዝ ደጋ ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። እረኛው ሜዳ ላይ ይውላል፤ ንፋሱ ለእሱ ይበጀዋል። ማታ ግን ብርዱ ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ይሰበስባል፣ በሩም ይዘጋል። «ደጋው ንጹሕ አየር ነው፣ አይደርስብንም» የሚለውም፣ «ሁሉም ይዞት አልፏል» የሚለውም የከተማ ለጋሽ ቁጥር ይዞ ሊከራከር አይችልም።

የለጋሽ ደም የሚያገለግለው ለሌላ ነገር ነው፦ ተመሳሳይ ሰዎችን በየወሩ ለክቶ አካሄዱን ለማየት። ለምሳሌ በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የጤና ሠራተኞች ዘንድ አንቲቦዲ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ከነበረበት 10.9 በመቶ፣ በፌብሩዋሪ 2021 ወደ 53.7 በመቶ ወጥቷል። ሠራተኞቹ አዲስ አበባን ባይወክሉም የማዕበሉን ፍጥነት አሳይተዋል። ለጋሾችም በዚሁ መንገድ ሊጠቅሙን ይችላሉ፤ ጥያቄው «ስንት ሰው ተያዘ?» ሳይሆን «እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ?» እስከሆነ ድረስ።

ጓሳን ማወቅ የፈለገ ቤቶችን በዕጣ መርጦ፣ የናሙና ማቀዝቀዣውን አስጭኖ ዳገቱን ይውጣ። ለዚያ በጀት የለኝም ካለም እቀበለዋለሁ፤ እኔም የለኝም። ግን ሪፖርቱን ሲያሳጥር «በለጋሾች ዘንድ» የምትለዋን ሐረግ አይቁረጣት።