የሁለት ፊኛ ወግ

አማርኛችን በልደት ግብዣ የሚነፋውንም፣ ሽንት የሚጠራቀምበትንም በአንድ ስም «ፊኛ» ይላቸዋል። ይህ የስም መጋራት ለዛሬው ትውውቅ ሳይታሰብ ተመችቷል። እንግዳችን ከልክ ያለፈ ውፍረትን ለመቀነስ ያለ ቀዶ ሕክምና በአፍ ገብቶ ጨጓራ ውስጥ የሚቀመጥ የሲሊኮን ፊኛ ነው። የሚሞላው በጨዋማ ውሃ ሲሆን ብዙ ሐኪሞች ሜቲሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ቀለም ጠብ ያደርጉበታል። ፊኛው ቢያፈስ ቀለሙ በደም በኩል ወደ ኩላሊት ይዘልቅና ሰውየው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይሸናል። የጨጓራውን ፊኛ ጉድ የሚያወጣው የሽንት ፊኛ ነው። ያን ጊዜ «ነገ እታያለሁ» ማለት የለም፤ የተነፈሰው ፊኛ ወደ አንጀት ወርዶ መተላለፊያ ሊዘጋ ይችላል።

ሐኪሞች ቀድሞም ያስተዋሉት ነገር ነበር። ፀጉር የመዋጥ ልማድ ያለባቸው ሕመምተኞች፣ ፀጉሩ ጨጓራቸው ውስጥ ተድቦልቡሎ ሲቀር ይከሳሉ። ቦታ የሚይዝ ነገር ሆን ብሎ ማስገባትስ? እ.ኤ.አ. በ1985 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ጋረን ኤድዋርድስ የተባለውን፣ 220 ሚሊ ሊትር አየር የሚይዝ ፊኛ ፈቀደ። ቅርጹ እንደ ጣሳ ነበርና ጠርዙ የጨጓራን ግድግዳ እየፋቀ አቆሰለ፤ አንዳንዱም ተንፍሶ አንጀት ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ወጣ። በ1987 ፍሎሪዳ ውስጥ ታርፖን ስፕሪንግስ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ጥሩ ፊኛ ለስላሳ፣ ጠርዝ አልባ፣ በፈሳሽ የሚሞላና በራጅ የሚታይ መሆን አለበት አሉ። ኤፍዲኤ በ2015 የፈቀደው ኦርቤራ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው።

አገባቡ ቀላል ነው። በማደንዘዣ የተኛው ታካሚ ጉሮሮ ውስጥ የተጠቀለለው ፊኛ በቀጭን ቱቦ ጫፍ ይወርዳል፤ ኢንዶስኮፒው፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቱቦ፣ ጎን ለጎን ይከተለዋል። ሐኪሙ ስክሪኑን እያየ ከ400 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ይሞላል። ቱቦውን ሲስብ የፊኛው አፍ ራሱን ይዘጋል። ሥራው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም።

ጨጓራ ግን እንግዳውን ወዲያው አይለምድም። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና ቁርጠት ናቸው፤ ማስታወቂያዎች ይህችን ክፍል በጨረፍታ ያልፏታል። መቋቋም አቅቷቸው ከጊዜው በፊት የሚያስወጡ አሉ። ቁስለት ላለበት፣ ጨጓራው ላይ ቀድሞ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ወይም ለነፍሰ ጡር ሴት ጭራሹኑ አይገባም። በ2017 ኤፍዲኤ ፈሳሽ የሚይዙ ፊኛዎች ከገቡላቸው ውስጥ 5 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቋል፤ መንስኤው ፊኛው ይሁን አይሁን ግን በወቅቱ አልለየም።

ለኦርቤራ ፈቃድ በቀረበው የአሜሪካ ጥናት ፊኛ የገባላቸው በ6 ወር በአማካይ ከክብደታቸው 10.2 በመቶ ቀንሰዋል፤ በምግብና በእንቅስቃሴ ምክር ብቻ የቆዩት 3.3 በመቶ። ፊኛ የገባላቸው የቀነሱት በኪሎ ሲቆጠር 9.9 ገደማ ነው። ፊኛው ከወጣ ከ3 ወር በኋላ ወደ 8.8 ወርዷል፤ እኔን ያሳሰበኝ ይህችኛዋ ቁጥር ናት። ኦርቤራ ከስድስት ወር በላይ ለምን አይቆይም? የጨጓራ አሲድ ሲሊኮኑን ያደክመዋል። ለዚህም ጭምር ታካሚው እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ ቀናሽ ይወስዳል።

ሌላው የኢንዶስኮፒ መንገድ ጨጓራን ከውስጥ በክር መስፋትና እንደ እጅጌ ማጥበብ ነው። በ2022 ላንሴት ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት በዓመት 13.6 በመቶ መቀነስ አሳይቷል። የሚወጣ ዕቃ ስለሌለው የማውጫ ቀጠሮ የለውም።

ፊኛው ግን ቀጠሮ አለው። ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ስለሚያዘገይ ታካሚው ከዚያ በፊት ፈሳሽ ብቻ ይወስዳል፤ ከዚያም ዳግም ማደንዘዣ። በኢንዶስኮፒው ውስጥ የገባች መርፌ ፊኛውን ትወጋዋለች፤ ሰማያዊው ውሃ ተመጥጦ ያልቃል፤ መቆንጠጫ የተጨማደደውን ሲሊኮን ይዞ በመጣበት ጉሮሮ ቀስ ብሎ ይስበዋል።